የአባቴ ጀልባና ያገለገለው ሞተር፦ ከሎጎ ሐይቅ ዳር የሥራ ማስታወሻ

ጥር 9

የአባቴ ጀልባ ሦስት ክረምት ተደፍታ ኖራለች። አጎቴ ጓሮ፣ ዋርካው ሥር፣ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ከሎጎ ሐይቅ አምሳ እርምጃ ያህል ርቃ። ዛሬ ከአጎቴና ከሁለት የሰፈር ልጆች ጋር ገለበጥናት። ሥሯ ደርቆ የቀረ ሣር፣ የሸረሪት ድርና አንድ እግር የአባቴ የላስቲክ ጫማ ነበር። ጫማውን አጎቴ አንስተው በእጃቸው ጠራረጉትና ግንዱ ላይ አስደገፉት። ምንም አላሉም።

ጀልባዋን መልሼ ውሃ ላይ ላወርዳት ነው። አባቴ ይጠቀሙበት የነበረው ሞተር ከተሸጠ ቆይቷል። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር ፈልጌ እገጥምላታለሁ። የማየውንና የምሠራውን እግረ መንገዴን እጽፋለሁ። ነገ ሌላ ሰው ይህን ሥራ ሲጀምር ከባዶ እንዳይነሳ።

ፋይበር ናት። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ80፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ65። ሆዷ ላይ ጭረት እንጂ ስንጥቅ የለም። ችግሩ ጀርባዋ ነው። ሞተር የሚንጠለጠልበትን የኋላ ሳንቃ ማለቴ ነው። ውጩ ፋይበር፣ ውስጡ ኮምፐንሳቶ ነው። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልኩ መታሁት። ዳር ዳሩን «ቋ፣ ቋ» ይላል። መሐሉ ላይ፣ የድሮው ሞተር ብሎኖች በነበሩበት ቦታ፣ «ድፍ፣ ድፍ»። እርጥብ ጆንያ እንደመምታት ያለ ድምፅ ነው። ካቻቢቴ በአንዱ ቀዳዳ ሰደድኩ። እስከ እጀታው ገባ። ሲወጣ ጫፉ ላይ ጥቁር ብስባሽ ይዞ ወጣ፤ ሻጋታ ሻጋታ ይላል።

«አብሽር፣ ቀለም ቀባ አድርግና ስቀልበት፤ ይችላል» አሉኝ አጎቴ።

«አጎቴ፣ አይችልም። ይኸው፣ ራስዎ ይዩት» ብዬ ካቻቢቴውን ሰጠኋቸው። አሸተቱት። ዝም አሉ።

15 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ከ35 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ነገሩ ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። ሞተሩ ጀልባዋን የሚገፋው በዚያች ሳንቃ በኩል ነው። ሰው፣ መረብ፣ ዓሣ፣ ሁሉም የሚገፋው በእሷ ነው። ሳንቃዋ ከለቀቀች ሞተሩ መሄጃው ታች ነው። የእኛ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ ላይ ከ80 ሜትር ያልፋል።

ጥር 12

ሞተር መጠየቅ ከመጀመሬ በፊት የጀርባዋን ቁመት ለካሁ። አንድ የማውቀው ዓሣ አስጋሪ ሞተር በርካሽ አገኘሁ ብሎ ገዝቶ ዘንጉ ረዘመበት። ዳር ላይ ፕሮፔለሩ ጭቃውን ይቆፍራል፤ መሐል ሲገባ ደግሞ ጀልባው ይከብደዋል። መጨረሻ በኪሳራ ሸጠው።

አለካኩ ቀላል ነው። ሞተሩ ከሚነክስበት ከሳንቃው አፍ ተነስቶ እስከ ጀልባዋ ሆድ፣ ቁልቁል። ሆዷ ሥር ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፌ ሜትር ዘረጋሁ። 42 ሴንቲ ሜትር።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ዘንግ ነው። አጭሩ «15 ኢንች» ይባላል፤ ከ38 እስከ 43 ሴንቲ ቁመት ላለው ጀርባ ይሆናል። ረጅሙ «20 ኢንች» ነው፤ ከ51 እስከ 56 ሴንቲ ላለው። የእኔዋ አጭር ትፈልጋለች። ግን ሻጭ «አጭር ነው» ስላለ ብቻ አይታመንም። ሜትር ይዞ ሄዶ፣ ከሞተሩ መንጠልጠያ እስከ ታችኛው ሳህን ራስ መለካት ነው። ሳህን የምለው ከፕሮፔለሩ በላይ የተዘረጋውን ጠፍጣፋ ብረት ነው። አየር ከላይ ወደ ፕሮፔለሩ እንዳይሳብ የሚከለክለው እሱ ነው።

ጥር 15

ስንት ፈረስ ይሁን? ያማከርኩት ሰው ሁሉ «40 ግዛና ተገላገል» ይለኛል። 40 ከ70 ኪሎ በላይ ነው። እዚህች ጀልባ ጅራት ላይ አንድ ሙሉ ሰው ሁልጊዜ ቆሞ እንደመሄድ ነው። አፍንጫዋ ሰማይ ያያል፣ ጀርባዋ ውሃ ይጠጣል።

8ትንም አስቤ ነበር። የተውኩት በአየሩ ምክንያት ነው። ሐይቃችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ ከቤንዚን ጋር አየር ይበላል። አየር ሲጎድለው ጉልበቱ ይጎድላል። መካኒኮች የሚይዙት ሂሳብ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ነው። ወደ እኛ ሲመጣ 20 በመቶ ገደማ ሄደ ማለት ነው። 15 ተብሎ የተሸጠ ሞተር ሎጎ ላይ 12 ነው። 8ቱ ደግሞ 6 ተኩል አይሞላም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አራት ሰው ጭኖ በ6 ፈረስ መመለስ አልፈልግም። 15 ወሰንኩ።

ሌላው ጥያቄ ቱ ስትሮክ ወይስ ፎር ስትሮክ የሚለው ነበር። እዚህ ላይ ሦስት ቀን ተከራክሬአለሁ፣ ከራሴ ጋር። ፎር ስትሮኩ ዘይት ከቤንዚን ጋር አያቃጥልም፤ ለውሃው ንጹሕ ነው። ቱ ስትሮኩ ካቃጠለው ዘይት ጥቂቱን በጭስ ማውጫው ውሃ ውስጥ ይተፋዋል። ሎጎ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለም። ይህን እያወቅኩ ቱ ስትሮክ መረጥኩ። ምክንያቱ ክብደቱና ጥገናው ነው። ያገለገለ ፎር ስትሮክ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቢበላሽም እዚህ አካባቢ ደፍሮ የሚከፍተው ሰው አላገኘሁም። ቱ ስትሮክ ግን ሞተር ብስክሌት የሚያውቅ ልጅ ሁሉ ይገባዋል። በምላሹ ለራሴ አንድ ግዴታ ገባሁ። ዘይቱ ትክክለኛው ዘይት ይሆናል፣ ልኩም አይበዛም።

ጥር 21

ዛሬ አስተርእዮ ማርያም። ሥራ የለም።

ጥር 25

ሁለት ሞተር አየሁ፤ ሁለቱም ደሴ።

የመጀመሪያው ቀለሙ ያበራል። አዲስ ነው ቀለሙ። ብሎኖቹን ሳይቀር ቀብተዋቸዋል። የተቀባ ብሎን ቀርቦ ማየት ጥሩ ነው። ቀለሙ ጠርዙ ላይ ከተሰነጠቀ ከቀለሙ በኋላ ተከፍቷል ማለት ነው። እነዚህ አልተከፈቱም። ባለቤቱን አስፈቅጄ የታችኛውን የማርሽ ዘይት ብሎን ትንሽ ላላ አደረግኩት። መጀመሪያ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተከተለ። ዘይትና ውሃ ተደባልቆ ነው። ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ፓራውሊዮ ለቋል፣ ማርሹ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። ብሎኑን መልሼ አጥብቄ አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጤነኛ ይመስላል። ሜትሬን ዘረጋሁ። 56። ረጅም ነው። ሻጩ «ሳንቃውን ከፍ ታደርገዋለህ» አለኝ። ይቻላል። ግን ጀርባዋን 14 ሴንቲ ላስረዝም ከሆነ የሞተሩ ክብደትም ያን ያህል ሽቅብ ይወጣል፣ ያረጀው ፋይበርም የባሰ ይጎተታል። ጀልባዋን ለሞተሩ ብዬ አልቆርጥም።

የካቲት 2

ባሕር ዳር። የአክስቴ ልጅ ነው ያገናኘኝ። ያማሃ 15፣ ቱ ስትሮክ፣ አጭር ዘንግ። ጣና ላይ ሲሠራ የቆየ።

ስደርስ ሻጩ ሞተሩን በውሃ በርሜል ላይ ሰቅሎ ጠብቆኛል። አንድ ጊዜ ሳበው፤ ተነሳ። መዳፌን ሞተሩ ራስ ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። ከመምጣቴ በፊት አስነስቶታል ማለት ነው። ክፋት አለው አልልም፣ ግን የሞቀ ሞተር ሁሉ ይነሳል። ታሞ እንደሆነ የሚታየው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። «ምሳ በልተን እንመለስ» አልኩት። ሽሮ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ሦስት ሰዓት ያህል አሳለፍን። ስንመለስ ራሱ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። በአራተኛው ስበት ተነሳ። ለእድሜው ጥሩ ነው።

ከዚያ አጥፍተን ካንዴላዎቹን ፈታሁ። የላይኛው የተቆላ ቡና መልክ አለው፤ ደህና ነው። የታችኛው ጥቁርና እርጥብ ነው። በየቀዳዳው ኮምፕሬሽን መለኪያ፣ ፒስቶኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳየውን፣ አስገብቼ ገመዱን ሳብኩ። የላይኛው 96፣ የታችኛው 92። ቁጥሩ መጽሐፍ ላይ ካለው ያንሳል። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መለኪያውም በስስ አየር ነው የሚያነበው። እኔ የምፈልገው ሁለቱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ነው። ልዩነቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ፒስቶኖቹ እኩል እየሠሩ ነው። እነዚህ 4 ነው የሚለያዩት። ደስ አለኝ።

የማርሽ ዘይቱን አየሁ። ጠቁሯል እንጂ ወተት አይመስልም። ፕሮፔለሩን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩት። ኩሽኔታው አልተጫወተም። ወደፊት፣ ባዶ፣ ወደኋላ፣ ማርሹ ሁሉም ቦታ ይገባል። ደካማ ሆኖ ያገኘሁት በጎኑ የሚተፋው ውሃ ነው። እንደ ክር ቀጥኗል፣ ይቆራረጣል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ያ ውሃ ከቀነሰ ሞተሩ ይጋገራል። የፓምፑ ጎማ አርጅቷል ብዬ ገመትኩ። ሻጩን ጠርቼ አሳየሁት። ዋጋው ላይ የተከራከርነውም በዚህ ነው። የከፈልኩትን አልጽፍም፤ ዋጋ በየወሩ ስለሚለወጥ የሚያሳስት እንጂ የሚጠቅም አይሆንም።

የሞተሩን መለያ ቁጥር ከግዢ ወረቀቱ ጋር አመሳከርኩ። ሁለት ምስክር አስቀምጠን የሽያጭ ውል ተፈራረምን። ይህን የሚዘል ሰው አለ። አትዝለሉት። የተሰረቀ ሞተር ይዞ መገኘት የሚያመጣው ጣጣ ብዙ ነው።

የካቲት 4

ከባሕር ዳር በደብረ ታቦር፣ በጋሸና፣ በወልዲያ አድርገን ሐይቅ ከተማ ገባን። ረጅም መንገድ ነው። ሞተሩን ቤንዚኑን አሟጥጠን፣ ውሃው እስኪያልቅ አቁመን አንጠፍጥፈን፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ጫንነው። ረዳቱ የሞተሩን እግር ሽቅብ አድርጎ ሊያስተኛው ሲል አስቆምኩት። እግሩ ከራሱ በላይ ከሆነ ዘንጉ ውስጥ የቀረ ውሃ ወደ ፒስቶኑ ይወርዳል። «ወንድምዓለም፣ ራሱ ከፍ ይበል» አልኩት። አንድ ጆንያ እህል ትራስ አድርጎ አስተካከለልኝ። መርሳ ስንደርስ ወርጄ አየሁት። አልተነቃነቀም።

የካቲት 7

ሳንቃውን ከፈትኩ። የውስጡን ፋይበር በመቁረጫ ዙሪያውን በጥንቃቄ ቆርጬ አነሳሁት። የውጩን አልነካሁም፤ የጀልባዋን ቅርጽ የያዘው እሱ ነው። ኮምፐንሳቶው በእጅ ይዛቃል። ልክ ሰኔ ላይ እንደበሰበሰ ቅጠል። ሁለት ባልዲ ሞላ። የበሰበሰው ሁሉ መነሻው አራት የብሎን ቀዳዳ ነው። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ምንም አልተቀባም። ውሃ በዚያ ገብቶ ዓመት ከዓመት እንጨቱን ጠጣው።

አናጢው መጡ። እኔ ዋንዛ አይሻልም ወይ የሚል ሐሳብ ነበረኝ። እሳቸው ደግሞ ከኔ ብሰው «ዋንዛ ነው እንጂ! የአያቶቻችን በር አሁንም ቆሟል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ቤት ሄጄ ሳስበው ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። አንድ ወጥ ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ፋይበርና ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ ሙጫ፣ ሪዚን፣ ግን አብሮት አያብጥም። ስለዚህ መገናኛቸው ላይ ይለያያሉ። ኮምፐንሳቶ ሽፋኖቹ በመስቀለኛ ስለተጣበቁ አንዱ ሌላውን ይዞ ያስቀምጠዋል። ባለ 18 ሚሊ ሁለት ሽፋን፣ ድምሩ 36፣ ከፋይበሩ ጋር 44 ሚሊ ያህል ይሆናል። የሞተሩ መንከሻ በደንብ ይይዘዋል። ለአናጢው ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንዲያ ከሆነ ዋንዛውን ለልባሱ እናድርገው» አሉ። መንከሻው የሚያርፍበትን ውጫዊ ልባስ ማለታቸው ነው። ሲያረጅ ብቻውን ፈትቶ መለወጥ ይቻላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ተስማማን።

የካቲት 10 እስከ 18

የማድረቅ ቀናት። በልግ ጀመረ። ጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት ደመና ይመጣና ያካፋል። ሸራ አልብሼ፣ ጠዋት ገልጬ፣ ሲጠቁር መልሼ አለብሳለሁ። ፋይበሩ እርጥብ ሆኖ ሪዚን ከተቀባ አይይዝም። አጎቴ ከስግደት ሲመለሱ በየቀኑ መጥተው መዳፋቸውን ፋይበሩ ላይ ያሳርፋሉ። «ገና ነው» ይላሉ። ዛሬ ግን «አሁን ደረቀ» አሉ።

የካቲት 19

ሪዚን። የመጀመሪያው ዙር ተበላሸብኝ። ማጠንከሪያውን በግምት አበዛሁ። ኩባያው እጄ ላይ መሞቅ ጀመረ፣ ጨሰ፣ በአምስት ደቂቃ ድንጋይ ሆነ። ለ1 ሊትር ሪዚን ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ማጠንከሪያ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ በመርፌ ስሪንጅ እየለካሁ፣ ግማሽ ግማሽ ሊትር ብቻ እየበጠበጥኩ ቀጠልኩ። ኮምፐንሳቶውን በሁሉም ጎን፣ በተለይ በጠርዙ፣ ሦስት ጊዜ ቀባሁት። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። ከዚያ አጣበቅነው። አናጢው ስምንት ሞርሳ ይዘው መጡ። ሪዚኑ በየጎኑ እንደ ማር ተጨምቆ ሲወጣ ክፍተት እንደሌለ አወቅን። በነጋታው ላዩን አራት ሽፋን ፋይበር ጨርቅ አለበስኩት።

የካቲት 24

መታሁት። ከዳር እስከ ዳር «ቋ፣ ቋ፣ ቋ»። አጎቴም መዶሻውን ተቀብለው መቱት። ደጋግመው።

የካቲት 26

ወደ ሞተሩ። የፓምፑ ጎማ ከአዲስ አበባ ደረሰልኝ።

የታችኛውን እግር የያዙ ብሎኖች አሉ። ሦስቱ ወጡ። አንዱ ተጣብቋል። ናፍጣ አጠጥቼ አሳደርኩት፣ አሞቅኩት፣ ወደ ማጥበቅና ወደ መፍታት በየተራ ነካካሁት። በመጨረሻ ራሱ ተበጠሰ። ወደ ኮምቦልቻ ይዤው ወረድኩ። አንድ በያጅ የተበጠሰው ጫፍ ላይ ዳዶ አስቀምጦ በመሐሉ በየደው። ገና ትኩስ እያለ በቁልፍ ሲያዞረው ያለ ድምፅ ወጣ። ሙቀቱ ዝገቱን ሰብሮለት ነው። የእጁን ዋጋ ከጠየቀኝ በላይ ከፈልኩት።

እግሩ ሲወርድ ፓምፑ ታየ። ጎማው ስድስት ክንፍ ሊኖረው ይገባ ነበር። አምስት ነው ያለው። የቀሩትም ወደ አንድ ጎን ጎብጠው ቀርተዋል፤ በጣት ቢቃኑ ተመልሰው ይጎብጣሉ። አዲሱን አስገብቶ መዝጋት ቀላል ነበር። ግን ስድስተኛው ክንፍ የት ሄደ? አንድ ቦታ መኖር አለበት። ከፓምፑ ሽቅብ የሚሄደውን የመዳብ ቱቦ ፈታሁ። ቀጭን ሽቦ ሰደድኩ። ከግማሽ በላይ ላይ አንድ ነገር አቆመው። በብስክሌት መንፊያ ከላይ ነፋሁበት። አንዲት ጥቁር የጎማ ቁራጭ መዳፌ ላይ ወደቀች። የጥፍር መጠን አላት። ውሃውን ስታንቀው የኖረችው እሷ ናት። እሷን ሳላወጣ አዲስ ጎማ ብገጥም ኖሮ ከወር በኋላ ሞተሩ ይቃጠል ነበር።

አዲሱን ጎማ ግሊሰሪን ቀባሁት፤ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ደርቆ እንዳይላጥ። ዘንጉን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞርኩ አስገባሁት፤ ክንፎቹ በትክክለኛው ወገን እንዲጎብጡ። ጓርኒሲዮኑን ለወጥኩ። ብሎኖቹ ጥርስ ላይ ግራሶ ቀባሁ፤ ቀጣዩ ሰው እንደኔ እንዳይሰቃይ።

የማርሽ ዘይቱንም ለወጥኩ። የሚሞላው ከታችኛው ቀዳዳ ነው፣ ከላይ እስኪወጣ። ከላይ ከተሞላ አየር ውስጥ ይቀራል። ሁለቱንም ካንዴላ በአዲስ ተካሁ፤ ክፍተታቸው 1 ሚሊ። በበርሜል አስነሳሁት። በጎኑ የሚተፋው ውሃ የትንሽ ጣት ውፍረት አለው። አጎቴ ሥሩ እጃቸውን ታጠቡበት።

መጋቢት 3

ስለ ዘይቱ። ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ማለትም 50 ለ1። የሞተር ብስክሌት ዘይት ርካሽ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ይጨምራል። የጀልባ ሞተር ግን በሐይቅ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ከሞተር ብስክሌት በታች ሙቀት ላይ ነው የሚሠራው። ለከፍተኛ ሙቀት የተሠራ ዘይት በደንብ አይቃጠልለትም፤ ካንዴላው ላይና ፒስቶኑ ላይ ጥቀርሻ ይሆናል፣ የቀረው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የጀልባ ሞተር ዘይት ጣሳው ላይ «ቲሲ ደብሊው 3» የሚል ጽሑፍ አለው። እሱን ፈልጌ ነው የገዛሁት። የምበጠብጠው ጓሮ ነው፤ ጀልባ ላይ ቆሜ ቤንዚን አልቀዳም።

ይህ ሐይቅ የእኔ ብቻ አይደለም። ወዲያ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ከ13ኛው መቶ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ጀምሮ ስሙ የሚነሳ። ወዲህ የእኛ ሰፈር ሴቶች ውሃውን ይቀዱታል፣ ልጆች ይዋኙበታል፣ ሰዎች ውዱእ ያደርጉበታል። የዘይት ቀለበት ውሃው ላይ ሳይ ሆዴ ይረበሻል።

መጋቢት 5

ገጠምነው። ከመንጠልጠያው እስከ ሳህኑ ሞተሩ 43 ከግማሽ ነው፣ አዲሱ ሳንቃ 42። ሳህኑ ከሆዷ በታች 1 ሴንቲ ተኩል ወረደ። ከሆዷ እኩል ከመሆን እስከ 2 ሴንቲ ተኩል ዝቅ ማለት ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከፍ ካለ አየር ይስባል፣ ዝቅ ካለ ይጎትታል።

ሞተሩ በሁለት እጅ የሚጠበቅ መንከሻ አለው። እሱ ብቻ አይበቃም፤ በንዝረት ይላላል። ሁለት ባለ 8 ሚሊ የማይዝግ ብሎን ጨመርኩ። ስለ ቀዳዳዎቹ ግን ከአራቱ ተምሬአለሁ። በትራፓኖ መጀመሪያ በ14 ሚሊ ሰፋ አድርጌ በሳሁ፣ ሙሉውን በሪዚን ደፈንኩ፣ ሲደርቅ መሐሉን በ8 በሳሁ። አሁን ብሎኑ የሚያልፈው በሪዚን ውስጥ ነው። እንጨቱን አይነካም። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። በመጨረሻ ሞተሩን በሰንሰለት ከጀልባዋ ቀለበት ጋር አሰርኩት።

መጋቢት 8

ውሃ ላይ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ነፋስ ሳይነሳ። አጎቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሁለት መቅዘፊያና ሁለት የሕይወት ጃኬት ይዘናል። ያለ እነሱ አንወጣም።

በሁለተኛው ስበት ተነሳ። ቀስ ብለን ከፊላው ወጣን። እጀታውን ስሰጠው አፍንጫዋ ተነሳ፣ ግን ወርዳ ውሃው ላይ አልተኛችም። ውሃ እየገፋች ቀረች። ካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መቁጠሪያ ነበረኝ። ሙሉ ተሰጥቶት በደቂቃ 4,150 ዙር። መጽሐፉ ለዚህ ሞተር ከ4,500 እስከ 5,500 ይላል። ሞተሩ ታፍኗል። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እንደሚሄድ መኪና ነው።

ተመልሰን ፕሮፔለሩን አየሁ። 9 ከሩብ በ12 የሚል ተቀርጾበታል። ሁለተኛው ቁጥር አንድ ዙር ሲዞር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚጓዝ ነው፣ ልክ ቪቴ እንጨት ውስጥ እንደሚገባው። 12 ቆላ ላይ፣ ሙሉ ጉልበት ላለው ሞተር ነው። ለእኛ ትልቅ እርምጃ ነው።

መጋቢት 19

እርምጃው 10 ኢንች የሆነ ያገለገለ ፕሮፔለር አገኘሁ። ጠርዙ ላይ ሁለት ጥርስ ነበረው፤ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩት። ዛሬ ሞከርነው። 4,600። አፍንጫዋ ተነሳና ወረደ፣ ድምፁ ተለወጠ፣ ከኋላ ያለው ውሃ ጠፍጣፋ ሆነ። አጎቴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደኋላ ዞረው አዩኝ። «እንዲህ ነበረች!» አሉ ጮኸው፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ።

አራት ሰው ስንጭን ግን 4,300 ነው። በጣም ከተጫነች ሙሉ አልሰጣትም። የታችኛው ካንዴላ አሁንም ይጠቁራል። ስስ አየር ላይ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ነው። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን፣ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ነሐስ በአንድ ቁጥር ባነሰች እቀይራለሁ። ከአንድ ቁጥር በላይ አልወርድም። ቤንዚን ያነሰው ቱ ስትሮክ ዘይትም ስለሚያንሰው ፒስቶኑን ይበሳል።

መጋቢት 30

አሥር ሰዓት ያህል ሠራች። የሳንቃውን ብሎኖች ፈትሻለሁ። አንዱ ሩብ ዙር ያህል ጠበቀ፤ ሌላው አልተነቃነቀም። አዲሷ ነሐስ ገብታለች፤ ሁለቱም ካንዴላ አሁን የተቆላ ቡና መልክ ይዘዋል።

መጨረሻ የማርሽ ዘይቱን ብሎን ላላ አድርጌ ጥቂት ጠብታ በነጭ ጨርቅ ተቀበልኩ። ንጹሕ ነው፣ የማር ቀለም። ውሃ የለበትም። ብሎኑን አጠበቅኩት። ጨርቁን ለአጎቴ አሳየኋቸው። ተቀብለው አሸተቱት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «ነገ መረቡን እናውጣ» አሉኝ።